ውኃዋንም እጇንም

ነፍሰ ጡር ልጄን ለመጀመሪያው አልትራሳውንድ ይዣት ሄድኩ፤ 9ኛ ሳምንቷ ነው። «ምርመራ በባዶ ሆድ ነው» ብዬ ቁርስ ከለከልኳት። ለካ ጾም አያስፈልገውም! የሚያስፈልገው ውኃ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሆድ በኩል ሲታይ፣ የሽንት ፊኛ ከሞላ ማህፀኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ሦስት ብርጭቆ ጠጣችና ሽንቷን ይዛ ተራችንን ጠበቅን።

ለሐኪሙ የምታቀርበውን ጥያቄ በወረቀት ይዛ ነበር። «ወንድ ነው ሴት?» የሚል መስሎኝ አየሁት። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ልቡ ይመታል?»

አምና እንዳስወረዳት እንዴት ረሳሁት? እጇን ያዝኩ።

ይመታል፤ ተመስገን።

እናቶች፣ ቀጠሮ ስታስይዙ ስለ ውኃው ጠይቁ። የክትትል ካርዷንም አትርሱ። ከሁሉ በፊት ግን እጇን ያዙላት።