ሙቀት በበረታ ጊዜ የጫሞ ዓሣ ወዴት ይሄዳል?

ዐቢይ ጾም በደረሰ ቍጥር በአርባ ምንጭ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ አንደኛው የበጋው ሐሩር፥ ሁለተኛው የዓሣ ፈላጊ መብዛት ነው። በጾም ዓሣ መብላት ይገባል አይገባም የሚለውን እያንዳንዱ የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ዓሣው ራሱ ነው።

ከእግዜር ድልድይ በስተ ደቡብ የተኛው ጫሞ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 20 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ናይል ፐርች የተባለው ትልቁ ዓሣ፥ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው፥ ከፀሐይ የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ጕድጓድ የለውም። ደግሞም የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ ማጠር ነው። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፥ በ30 ዲግሪ 7 ከግማሽ ያህል ብቻ ይይዛል። ጫሞ 1,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ከዚህም ያንሳል። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ቀን ኦክሲጅን ቢሰጥ ሌሊት መልሶ ይወስዳልና፥ እጥረቱ የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው።

በአሜሪካ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ስትራይፕድ ባስ የሚሉት ዓሣ በሙቀት ወራት ላዩ ሞቆበት፥ ታቹ ኦክሲጅን አጥቶበት፥ በመካከል በጠበበ ስፍራ ይጨነቃል፤ ከዘመዱ ጋር የተዳቀለው ግን ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል። የጫሞን ውኃ ግን ነፋስ ስለሚያማታው እንዲህ ያለው ክፍፍል አይጸናበትም።

እንግዲህ አጥማጁ ወዴት ይፈልገው? አምባዛ ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ ቆሮሶም እጥረቱን ይታገሣል፤ ናይል ፐርች ግን አይችልም። ስለዚህ ማዕበል የሚያናውጠውን ሰፊውን ውኃ፥ ወይም ከጋሞ ደጋ የሚወርደው ኩልፎ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን አካባቢ መፈለግ ይሻላል። ነገር ግን የኩልፎ መግቢያ የአዞ ገበያ የሚባለው ስፍራ ነው! ዓሣ ወዳለበት አዞም ይመጣል፤ ልጆች በቤት የሚጠብቁት አባት በትንሽ ታንኳ ወደዚያ ባይጠጋ ደስ ይለናል።

ሌላም አለ። ሙቀት በአንድ ስፍራ የሰበሰበው ዓሣ በቀላሉ ይያዛል፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ በዚያ የተጣለ እንደ ሆነ ገና ያልወለደውን ሁሉ ይጠርገዋል። የጫሞ ናይል ፐርች ቀድሞ ከነበረው እጅግ መመናመኑ የታወቀ ነው፤ አጥማጁን ብቻ መውቀስም አይገባም፥ ትንሹን ዓሣ የምንገዛው እኛ ነንና።

እመቤቶችም ይህን ልብ በሉ። መረብ ማታ ተጥሎ ጧት ይነሣል፤ በመረብ ገብቶ በሌሊት የሞተ ዓሣ በሞቀ ውኃ ውስጥ ስለሚያድር ገበያ ሳይደርስ መበላሸት ይጀምራል። ስትገዙ መተንፈሻውን ገልጣችሁ እዩ፤ ደመ ቀይ ከሆነ፥ ዓይኑም ከጠራ፥ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ከተመለሰ ውሰዱ፤ መተንፈሻው የገረጣ እንደ ሆነ ግን ዋጋው ቢረክስም ለሻጩ ተዉለት።