በአንድ ምስክር በልብ ላይ አይፈረድም

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሥሮች በጠበቡ ወይም በተዘጉ ጊዜ፣ ሐኪሞች ከእግር ወይም ከደረት ጤነኛ ሥር ወስደው፣ ደሙ የተዘጋውን ስፍራ ዞሮ የሚያልፍበትን መንገድ ያበጁለታል፤ ይህም ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው። የአርጀንቲና ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓመት፣ በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ ከእግር በተወሰደ ሥር ከሠሩት ወዲህ ሕክምናው በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

ከዚህ በኋላ የልቡን አሠራር ለማወቅ፣ በሽተኛው በኑክሌር ምስል የሚመረመርበት ጊዜ አለ። በክንዱ ሥር ጥቂት ቴክኒሺየም ያለበት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የቴክኒሺየሙም ኃይል በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ ደም ወደ ደረሰበት የልብ ጡንቻ ይገባል፤ ከዚያ የሚወጣውንም ጨረር ጋማ ካሜራ ይቀበለዋል። የልብ ትርታ መመዝገቢያ መሣሪያም አብሮ ስለሚሠራ፣ አንዱ ትርታ በ8 ወይም በ16 ተከፍሎ፣ ልቡ ሲኰማተርና ሲዘረጋ ይታያል።

እንግዲህ ቤተ ዘመድ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ባይፓስ ከተደረገላቸው ሰዎች በብዙዎቹ፣ የልብን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳ እንቅስቃሴው የደከመ ወይም ወደ ተቃራኒው የሚሄድ ሆኖ ይታያል። ይህን በወረቀቱ ላይ ያነበበ ዘመድ፣ ሕክምናው ከንቱ ሆነ ብሎ ያዝናል። ነገር ግን የልብ ሽፋን ተከፍቶ ከተሠራ በኋላ ልብ በደረት ውስጥ የሚወዛወዝበት አኳኋን ስለሚለወጥ፣ ጡንቻው ሳይጐዳ እንቅስቃሴው ብቻ ሊለወጥ ይችላል።

ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ሐኪምም ሌሎቹን ምስክሮች ይጠይቃል፤ ልብ በሚኰማተርበት ጊዜ ግድግዳው ይወፍራልን? ደምስ በሚገባ ይደርሰዋልን? ሁለቱ ደኅና ከሆኑ፣ እንቅስቃሴው ብቻውን ጡንቻውን በጥፋት አያስከስሰውም። ሁለቱም ጐድለው ቢገኙ ግን ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ጡንቻው ተጐድቶ ወይም አዲሱ ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ በሽተኛውን ወደ ምርመራ የሚወስድ ዘመድ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ጊዜ ለመርማሪው ይንገር፤ የቀድሞ ምስልም ካለ ይዞ ይሂድ። ወረቀቱንም በቤት ውስጥ በግምት ከመተርጐም ይልቅ፣ ትርጓሜውን ከሐኪሙ መስማት ይሻላል። በሽተኛ ወረቀቱን ባያነብ የዘመዶቹን ፊት ያነባልና።