ሥዕልን ማየትና ሥዕልን ማንበብ

ማየት ሁሉ መረዳት አይደለም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተጻፈ ወረቀት ቢሰጡት የቀለሙን ጥቁረትና የመስመሩን ቅጥነት ያያል እንጂ መልእክቱን አያገኝም። ሥዕልም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሥዕል ዐይን ላለው ሁሉ የተገለጸ ነውና የተለየ ትምህርት አያሻውም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም በተመልካቹ ላይ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን ኅብረተሰቡን ቅርሱን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል የሚመዘነው በመመሳሰል ነው። የተሣለው ፈረስ ቁርጥ ፈረስ ከሆነ ሠዓሊው ይመሰገናል፤ ካልሆነ ይነቀፋል። በዚህ ሚዛን ከተሄደ ግን ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአመዛኙ እንደ ስሕተት ሊቆጠር ነው። በዚህ ሥዕል ዐይኖች ከተፈጥሮ መጠናቸው በላይ ይጎላሉ፤ ቅርብና ሩቅ ያለው ነገር በመጠን አይለያይም። ይህ ግን የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ሠዓሊው የሚከተለው የራሱ ሕግ አለው። በሕጉ መሠረት ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዐይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ይሣላሉ። ሰይጣን፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩ ወታደሮችና ጌታውን የሸጠው ይሁዳ ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። ይህን ሕግ የሚያውቅ ምእመን አንድ ፊደል እንኳ ባይለይ በግድግዳው ላይ ያለውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። ሕጉን የማያውቅ የተማረ ሰው ግን በዚያው ግድግዳ ፊት ቆሞ መሃይም ይሆናል።

የሰው አቀማመጥና የመጠን ልዩነትም ትርጉም አላቸው። በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ በሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዘመናቸው በአገሪቱ ላይ ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸው እቴጌ በሥዕሉ ላይ ዝቅ ብለው መታየታቸው ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ምድራዊ ክብር በሰማያዊው ክብር ፊት ምን ያህል አነስተኛ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የጸሎት ሥዕል ብቻ ሳይሆን የታሪክ ሰነድም ነው።

ሥዕል ወገን ይዞ እንደሚናገር ለመረዳት ደግሞ የዓድዋን ጦርነት ሥዕሎች መመልከት ይበቃል። በብዙዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንድ ወገን፣ የኢጣልያ ሠራዊት በሌላው ወገን ይሰለፋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ላይ ሆነው ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከሰማይ ይገለጣል። የጦርነቱን ቀን የማያውቅ ተመልካች ይህን ፈረሰኛ የሠዓሊው ቅዠት አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በየወሩም 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የኢጣልያ ወታደሮች ብዙውን ጊዜ በጎን የሚታዩትም በአጋጣሚ አይደለም። ሠዓሊው ከቤተ ክርስቲያን የወረሰውን ሕግ ወደ ጦር ሜዳ አውርዶ በወራሪው ላይ ፍርድ ሰጥቶበታል። እንግዲህ ይህ ሥዕል ጦርነቱ እንዴት እንደ ተካሄደ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ጦርነቱን እንዴት እንደ ተረዳው ጭምር ይመሰክራል።

አዲሱም ሥነ ሥዕል እንዲሁ አንባቢ ይሻል። በአዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ተመሠረተ። ስለዚህ ሥዕሉ የሕንፃ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በዚያ ለሚሰበሰቡ ሁሉ የቆመ ማሳሰቢያ ነው። በሌላ በኩል ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ተምረው ተመልሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ ባቀረቡ ጊዜ ሥራቸው ከአገሩ ባህል የራቀ ነው የሚል ነቀፌታ ደርሶባቸዋል። ከነቃፊዎቹ ብዙዎቹ ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ጠየቁ እንጂ ቀለሙና ቅርጹ ምን ስሜት እንደሚቀሰቅስ አልጠየቁም። በሠዓሊው ሕግ ሳይሆን በራሳቸው ሕግ ፈረዱ።

አንዳንዶች ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ በሆነ ስሕተት ላይ ይወድቃሉ። ሥዕል ለእያንዳንዱ ሰው እንደየስሜቱ የሚተረጎም ስለሆነ ትክክልና ስሕተት የሚባል ትርጓሜ የለም ይላሉ። ስሜት ነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ ትርጓሜ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። አስተዋይ ተመልካች በመጀመሪያ በሥዕሉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ይለያል። ቀጥሎ ማን በመካከል፣ ማን በዳር፣ ማን በጎላ ቀለም እንደ ተሣለ ይመረምራል። በመጨረሻም ሥዕሉ በየትኛው ዘመን፣ ለማንና ለምን ተግባር እንደ ተሠራ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሦስቱ ያልተነሣ ትርጓሜ ግምት ነው።

ሥዕልን አለማንበብ የሚያስከትለውን ጉዳት የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደረሰ። ቡድኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጋር ተነጋግሮ በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የጎንደር ዘመን የጨርቅ ሥዕሎች አነሣ። በምትካቸውም የቡድኑ አባል የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ የሣላቸውን አዳዲስ ቅጂዎች አኖረ። ዋነኞቹ ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ተጓዙ፤ ዛሬም የሚገኙት በዚያው ከተማ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ነው። አሮጌው ሄዶ አዲሱ ቀረ፤ የደበዘዘው ሄዶ የደመቀው ቀረ። ሥዕልን በድምቀቱ ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ ልውውጥ ትርፍ ይመስለዋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት እውነትነት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሥዕሎቹ ባይወሰዱ ኖሮ በእርጅና ይጠፉ ነበር የሚል ክርክር ይቀርብ ይሆናል። ጨርቁና ቀለሙ በፓሪስ በጥንቃቄ መጠበቃቸው አይካድም። ዳሩ ግን ሥዕል ጨርቅና ቀለም ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚናገረው በተሣለበት ግድግዳ፣ በሚሰማው ዜማና በፊቱ በሚሰግደው ሕዝብ መካከል ነው። ጥፋቱን በጊዜው በነበሩት አገልጋዮች ላይ ብቻ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሮጌ ሥዕልን ዋጋ ያስተማራቸው ማን ነበር? የመጡት እንግዶች ግን ዋጋውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በልውውጡ ላይ ከገንዘብም ከኃይልም ይበልጥ የሠራው ይህ የዕውቀት ልዩነት ነው።

ስለዚህ ሥዕልን ማንበብ የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ተደርጎ መተው የለበትም። ቋንቋና ታሪክ እንደሚሰጡ ሁሉ ይህም በትምህርት ቤት መሰጠት ይገባዋል። ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በአቅራቢያ የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ በአደባባይ የቆመ ሐውልት፣ በገንዘብ ላይ የታተመ ምስል ሁሉ መማሪያ ሊሆን ይችላል። መምህሩ «ምን ይታያል? እንዴት ተቀመጠ? ለምን ተሠራ?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ተጀምሯል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የማይነበብም ሥዕል ግድግዳው ላይ ሳለ አይከበርም፤ በተወሰደም ጊዜ አይናፍቅም። ሥዕሉን ማንበብ የሚችል ሕዝብ ግን የሚጠብቀውን ያውቃል፤ የጎደለበትንም ለይቶ ይጠይቃል።