በውርጭ ጧት መኪና ባይነሣ ጥፋቱ የማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ናፍታ ጭነት መኪናዎችና ስለ ደጋው ብርድ ያለኝን ጥቂት አሳብ በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት እንደ ደብረ ብርሃን ባሉት የደጋ ከተሞች ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በነዚህ ወራት አንዳንዱ ረዳት ማለዳ ከመኪናው ሥር ገብቶ ከሞተሩ ሆድ በታች እሳት ያነድዳል። አንዳንዱ ሾፌር ደግሞ ከማታው ጀምሮ መኪናውን ከቁልቁለት አናት ላይ ያሳድርና ጧት በማንደርደር ሊያስነሣው ይሞክራል። መኪናው ዘግይቶ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ተጠያቂው ሾፌሩ ብቻ ነው። «ተኝተህ አርፍደህ ነው» ይባላል፤ ደመወዙም ይቈረጣል። የመማሪያ መጻሕፍት ጭኖ ወደምናስተምርበት ከተማ የመጣ አንድ ሾፌር በዚሁ ምክንያት መቀጣቱን ሲናገር ሰምቼ፣ ፍርዱ ተገቢ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዕሬን አነሣሁ።

የነገሩ ምክንያት በትምህርት የታወቀ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። የዛሬው የናፍታ ሞተር አየር ብቻ ስቦ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል፤ የታመቀውም አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍታው በዚህ ግለት ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ በብርድ ካደረ የቀዘቀዘው ብረት ግለቱን ይወስድበታል። ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው በዝግታ ያዞረዋል። ባትሪውም በዜሮ ዲግሪ ገደማ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። በዚህ ላይ የደጋው አየር ስስ ነው፤ በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

«የኛ ብርድ እንደ አውሮፓ ብርድ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ይህን ሊያስቡት ይገባል። እጅግ በሚቀዘቅዙት አገሮች ናፍታው ራሱ ሰም ሠርቶ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ለብርድ ወራት የተለየ ናፍታ ይሸጣል፤ ሞተሩንም ሌሊቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቁ አሉ። በኛ ደጋ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያረጀ ባትሪ፣ የተበላሸ የማሞቂያ ካንዴላና የወፈረ ዘይት ነው። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ የሚገዛው ሾፌሩ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ሹም ነው።

የእሳቱ ነገር እንደ ቀላል መታየቱ ያሳዝናል። በዚያ ሥፍራ የናፍታ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ዘይት የጠገበ እድፍ አለ። አንድ ነበልባል መኪናውን ከነጭነቱ፣ ይልቁንም ከሥሩ የተኛውን ልጅ ሊያጠፋ ይችላል። ማንደርደሩም ቢሆን የሚያስመካ አይደለም፤ በአየር የሚሠራ ፍሬን ሞተሩ ካልሠራ አዲስ አየር አያገኝምና።

ስለዚህ የማሳስበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ጥቅምት ሳያልቅ የደጋ መኪናዎች ሁሉ ባትሪና የማሞቂያ ካንዴላ ይመርመር። ሁለተኛ፣ በዘይቱ ዕቃ ላይ ከ«ደብልዩ» ፊደል በፊት ያለው ቍጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ የተሻለ ይፈሳልና፣ የሞተሩ መመሪያ ከሚፈቅደው ውስጥ ለብርድ የሚስማማው ይገዛ። ሦስተኛ፣ ውሃ እንዳይጠራቀም ማጠራቀሚያው ማታ ይሞላ፤ የፊልትሮው ውሃም ይፍሰስ። አራተኛ፣ እሳት ማንደድ በጥብቅ ይከልከል፤ የመነሻው ሰዓትም ሞተሩን የማሞቂያ ጊዜ ጨምሮ ይወሰን።

«በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የአንድ ባትሪ ዋጋ ከአንድ ጭነት መኪና ዋጋ ጋር ይመዘን፤ የሰው ሕይወት ግን ዋጋም አይወጣለት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ሹማምንት ሆይ፤ የሾፌሩን ደመወዝ ከመቍረጣችሁ በፊት የጻፈውን የባትሪ መጠየቂያ ከመሳቢያችሁ ፈልጉ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር