ለእኩዮቼ፦ ራስ ምታቱን የሚቀልበው ክኒኑ ነው

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዕድሜ የጠገባችሁ እኩዮቼ ሁሉ፤ ስሙኝ። ዕለት ዕለት ራሱን ለሚያመውና ዕለት ዕለት የማስታገሻ ክኒን ለሚውጥ ሰው የምናገረው ብርቱ ነገር አለኝ። ዛሬ ያሳረፋችሁ ክኒን የነገውን ሕመም እየጠራባችሁ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ለይተው ያውቁታል፤ መድኃኒት ከማብዛት የሚመጣ ራስ ምታት ይሉታል። እኛ ግን እርጅና ነው፣ ሳይነስ ነው፣ ደም ብዛት ነው እያልን ሌላ ክኒን እንጨምርበታለን።

አመጣጡን ልንገራችሁ። መነሻው ብዙውን ጊዜ ማይግሬን ነው፤ ግማሽ ራስን ይዞ የሚወቃ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ሕመም። በወጣትነት በወር አንድ ሁለት ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ ያኔ ክኒኑ ይረዳል። ሕመሙ ሲደጋገም ክኒኑም ይደጋገማል፤ ኋላም ሕመሙን ፈርተን ገና ሳይነሳ እንውጣለን። የጠዋት ቡናው የቀረበት ሰው ከሰዓት በኋላ ራሱን ሲፈልጠው ሁላችን አይተናል። ሐራራ ነው፤ ቡናውን ሲጠጣ ይለቀዋል፤ በማግስቱ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመለሳል። የማስታገሻ ክኒንም የለመደውን አንጎል እንዲሁ ያደርገዋል። ኃይሉ ከደም ሲወጣ ራስ ይፈለጣል፣ ሌላ ሲዋጥ ጋብ ይላል፤ አንጎሉም ለሕመም ይበልጥ ስስ እየሆነ ይሄዳል።

ገደቡ የታወቀ ነው። ወራችን 30 ቀን ነውና ሒሳቡ አይከብድም። ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ዳይክሎፌናክንና የመሳሰሉትን በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ የወሰደ የራስ ምታት ሕመምተኛ አደጋው ውስጥ ገብቷል። ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት ክኒን፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ሁለት ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የተቀላቀለባቸው ክኒኖች ከሆኑ ግን በወር 10 ቀን ይበቃል። ልጆቻችን ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልኩልን፣ ፓራሲታሞልና አስፕሪን ከካፌይን ጋር የተቀላቀለበት ትልቅ ጠርሙስ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚቆጠረው ቀኑ ነው፤ «በቀን አንዲት ብቻ ነው የምወስደው» የሚል ሰው በወር 30 ቀን ወስዷል። ለጉልበታችንና ለወገባችን ብለን የምንውጠውም ይቆጠራል። ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎል ክኒኑ ለየትኛው አካል እንደተዋጠ አይለይም።

ጉዳቱ ራስ ላይ ብቻ አይቆምም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊት መድኃኒታችንንም ያዳክማሉ። በእኛ ዕድሜ ጨጓራ ምንም ሳያም ሊደማ ይችላል፤ የሚታወቀው ሰገራው ሲጠቁር ወይም ሰውየው አቅም አጥቶ ሲወድቅ ነው። ፓራሲታሞልም ከመጠን ሲያልፍ ጉበት ይገድላል።

ኤርጎታሚን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የሚወጣው እህል ላይ ከሚበቅል፣ ኤርጎት ከሚባል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ በአገራችን ያደረሰውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በገብስ ማሳ ውስጥ የበቀለ የዱር አጃ ላይ ይዞ ነበር። እህሉን የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው እየተኮማተረ እግራቸው ጠቁሮ ደረቀ፤ የብዙዎችም ሕይወት አለፈ። በመድኃኒት መልክ በልኩ ሲወሰድ ማይግሬንን ይረዳል፤ ነገር ግን የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ግፊት ወይም የእግር ደም ሥር ጥበት ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። ከኤሪትሮማይሲን፣ ከክላሪትሮማይሲን ወይም ለኤችአይቪ ከሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም እግርን ለዚያው ለወሎው ዓይነት አደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ በማኅበርና በዕድር ድንኳን «ራሴን ያዘኝ» ላለ ሰው ከቦርሳችን ክኒን አውጥተን የመስጠት ልማዳችን ይቁም። ከልብ የመነጨ ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ሰጪው ግን ተቀባዩ ምን በሽታ እንዳለበት፣ ጠዋትም ምን እንደዋጠ አያውቅም።

መፍትሔ ባይኖር ኖሮ አላስጨንቃችሁም ነበር። የመጀመሪያው የዕለት ክኒኑን ማቆም ነው፤ ይህም በሐኪም ምክር ይሁን። ፓራሲታሞልን፣ ዳይክሎፌናክንና ትሪፕታንን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ማቆም ይቻላል። ትራማዶልን፣ ኮዴይንን ወይም የእንቅልፍ ክኒንን በየዕለቱ የለመደ ሰው ግን በድንገት አያቁም፤ ሐኪሙ እያየው ቀስ በቀስ ይቀንስ። ክኒኑ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 10 ቀናት ሕመሙ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ክኒኑ የሚመለሰው በእነዚህ ቀናት ነው። ቤተሰባችሁ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሐኪሙም ለእነዚያ ቀናት የሚሆን እርዳታ ያዘጋጅላችሁ። ይህን ከተሻገሩት ብዙዎቹ በወር በሁለት ወር ውስጥ ከሕመም ያረፈ ቀን ማየት ይጀምራሉ።

ሁለተኛው፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከያ መድኃኒት ነው። ይህ ሕመም ሲነሳ የሚዋጥ አይደለም፤ እንዳይነሳ በየዕለቱ የሚወሰድ ነው። ፕሮፕራኖሎል፣ አሚትሪፕቲሊንና ቶፒራሜት ለዚህ ከሚታዘዙት ናቸው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ሽንት ለሚያስቸግረው፣ ግላኮማ ወይም የልብ ምት መዛባት ላለበት ያሰጋል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት። በዴንማርክ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የመረጠውም ማስታገሻውን እያቆሙ መከላከያውን ወዲያው መጀመርን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሥር ሰደድ ማይግሬን ስለተፈቀደውና በየ12 ሳምንቱ ስለሚወጋው ቦቱሊነም፣ እንዲሁም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለመጡት እንደ ኤሬኑማብ ያሉ መርፌዎች ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን አያስቋርጣችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ማይግሬን ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የሚጀምረው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ዕድሜ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ሰው ክኒን ሳይገዛ ይመርመር። ጆሮ ግንዱን የሚያመው፣ ሲያኝክ መንጋጋው የሚደክመው፣ ዓይኑ ብዥ የሚልበት ከሆነ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ፤ ቢዘገይ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። እንደ መብረቅ ድንገት የወረደ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የአፍ መንተባተብ ወይም የእጅና እግር መክዳት ሲመጣም ሌሊት ቢሆን አይጠበቅም። ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው ራስ ምታቱ ከሳምንታት በኋላ ቢጀምረው እንኳ ይታይ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ክኒናችሁን አትደብቁ። ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን፣ ከልጆች የተላከላችሁን፣ ከጎረቤት የተቀበላችሁትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ራሳችሁን ባመማችሁ ቀን አንድ ምልክት፣ ክኒን በዋጣችሁ ቀን ሌላ ምልክት አድርጉ፤ ሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ ይልቅ ከዚያ ወረቀት ይረዳችኋል።

እኩዮቼ፤ በየቀኑ ራስን መታመም የእርጅና ዕጣ አይደለም፤ የሚታከም በሽታ ነው። ምልክቱን ከዛሬ ጀምራችሁ ያዙ፤ ወሩ እስኪሞላም አትጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።