ከጓዳ፦ ስንዴ ያልነካው የፓይ ወጥ

ሮዝቪል ውስጥ በሚኖር አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ቤት፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አያት ሻንጣቸውን የከፈቱ ዕለት ደስታው ልዩ ነበር። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ በሶው፣ የገብስ ቆሎው በየፌስታሉ እንደታሰረ ወጣ። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ቆሎ ስትቆረጥም ማንም ልብ ያላት አልነበረም። ማታ ሆዷን ቆረጣት፤ አስመለሳት፤ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ልጅቱ ሲሊያክ የሚባለው ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። እናቷ ከዳቦና ከብስኩት ስትጠብቃት ከረመች እንጂ ቆሎ ይጎዳታል ብላ አላሰበችም።

ነገሩ ሲነገራቸው አያቲቱ ማመን አቃታቸው። «ገብስ እኮ ነው! የእህል ንጉሥ! ለአራስ የሚሰጠውን ገንፎ ዛሬ ለልጅ መርዝ ነው ልትሉኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ልጅቱን ማጉረስ ፈሩ። ገበታ ሲቀርብ እጃቸውን ይሰበስቡና ወደ እናቲቱ ያያሉ። አያት የልጅ ልጃቸውን ማጉረስ የፈሩበት ቤት ምን ያህል ቅር እንደሚል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሲሊያክ ተራ አለርጂ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲገባ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። አንጀት ሲጎዳ የተበላው ምግብ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ልጅ ይከሳል፣ እድገቱ ይዘገያል፣ ደም ማነስ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የሆድ ምልክት ጭራሹን ላይታይ ይችላል። እስካሁን የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም፤ ያለው መፍትሔ እነዚህን እህሎች ዕድሜ ልክ መተው ነው። ሕመሙን ከስንዴ ጋር ያያያዙት ቪለም ዲከ የተባሉ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ በጦርነት ተርባ ዳቦ ሲጠፋ፣ እነዚያ ታማሚ ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ይህም የሐኪሙን የቆየ ጥርጣሬ አጠናከረላቸው፤ ጥናታቸውንም በ1950 አቀረቡ። ከሮዝቪል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ወደ ደቡብ ሲኬድ ሮቸስተር ያለው የማዮ ክሊኒክም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ተመራማሪዎቹ ከ1948 እስከ 1954 ከአየር ኃይል ወታደሮች ተወስዶ የተቀመጠ ደም መርምረው በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕመሙ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአራት እጥፍ ተኩል ገደማ መጨመሩን ገልጸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ልጄ ይኼ ሕመም ሳይኖርባት አይቀርም ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ ስንዴውን በገዛ ሥልጣኑ አስቀድሞ ማስቆም የለበትም። የደም ምርመራው ሕመሙን የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጓዳ።

«እኛ እንጀራ በላተኞች ነን፤ ምን ያሳስበናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝና ቡላም እንዲሁ። ነገር ግን በአሜሪካ የሚጋገር እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ ስደተኞች ጤፍ ባጡበት ዘመን በስንዴና በገብስ ዱቄት መጋገርን ለመዱ፤ ልማዱም በብዙ ቤት ቀረ። ጤፍ አይዳሆ ውስጥ መብቀል ከጀመረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ በዋጋውም ሆነ ለሊጡ መያዣ ሲባል መቀላቀሉ አልቀረም። ስለዚህ ሲሊያክ ያለበት ሰው ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ሲቀመጥ «እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ወደ ሮዝቪሉ ቤት እንመለስ ቢባል፣ ችግሩ በእንጀራ አላበቃም። ጎረቤቶቹ በየክረምቱ አንድ ምሽት እየተሰባሰቡ አብረው ራት ይበላሉ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ምግብ ይዞ ይመጣል። ሚኒሶታ ደግሞ የዱቄት አገር ናት። ከ1880 እስከ 1930 ሚኒያፖሊስ የዓለም የዱቄት መዲና ትባል ነበር፤ ወፍጮዎቿ በሚሲሲፒ ወንዝ ፏፏቴ ኃይል ይዞሩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበውም ይህንኑ ይመስላል፦ የሥጋና የአትክልት ፓይ፣ ሆትዲሽ የሚሉት የምድጃ ምግብ፣ ፓስታ፣ ዳቦ። ሆትዲሹ ከላይ ድንች ቢሆንም ከሥር የሚያያይዘው ብዙውን ጊዜ የታሸገ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ነው፤ እርሱም በስንዴ ዱቄት የወፈረ ነው። ባለፈው ዓመት ልጅቱ ፖም ይዛ አንድ ጥግ ተቀምጣ ነው ያመሸችው።

ዘንድሮ እናቲቱ እንደ ሌሎቹ ፓይ ይዛ ለመሄድ ቆረጠች። የላዩ አላስቸገራትም፤ በሊጥ ፋንታ የተፈጨ ድንች ይሆናል። ያስቸገራት ውስጡ ነው። ያገኘችው የአሠራር ጽሑፍ ሁሉ «ሥጋው ላይ ሁለት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ነስንስ» ይላል። ዱቄቱን ስትተወው ውስጡ ሾርባ ሆነ፤ ድንቹም ሰጠመ። ሁለተኛውን ድስት ስትደፋ አያቲቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ወጥ የሚወፍረው በቁሌት ነው እንጂ በዱቄት ነው እንዴ? ዶሮ ወጥ ውስጥ ማን ዱቄት ጨምሮ ያውቃል?»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ፓይ ነው።»

«ስሙን ተዪው። ሽንኩርት አምጪ።»

አሠራሩ ይኸውና። መጠኑ ለስምንት ሰው ይበቃል። አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በጣም ደቅቆ ይከተፍና በወፍራም ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት ይቁላላል። ድስቱ ይከደናል፤ በየመሐሉ እየተከፈተ ይማሰላል፤ ሲደርቅ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ ይደረግለታል። ይህ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የአሜሪካ አሠራር «አምስት ደቂቃ» የሚለውን መስማት አያስፈልግም፤ ሽንኩርቱ ቅርጹ ጠፍቶ እንደ ማር ካልሆነ በኋላ የሚያወፍረው ሌላ ነገር ፍለጋ ይኬዳል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይገባል። ለጎረቤት የሚቀርብ ከሆነ በርበሬው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ቀለም ይሰጣል እንጂ ፈረንጅ አያስለቅስም።

ሥጋው አንድ ፓውንድ ተኩል የበሬ ሥጋ ነው። ቻክ የሚባለው የትከሻ ብልት ይመረጣል፤ ቀስ ብሎ ሲበስል ይለሰልሳልና። በግማሽ ኢንች ያህል ይከተፍ። ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙ ሲለወጥ ሁለት ኩባያ ሙቅ ውሃ፣ ጨውና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይጨመራል፤ ተከድኖም ከአንድ ሰዓት በላይ ቀስ ብሎ ይበስላል። ሥጋው በማንኪያ ሲጫኑት እሺ ሲል ሁለት ካሮትና ሁለት ድንች በትንንሹ ተቆርጠው ይገባሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ ይከተላል። አትክልቱ ምድጃ ውስጥ ደግሞ ስለሚበስል አሁን እስኪፈርስ አይቆይም። ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ መጨረሻ ላይ ነው።

መወፈሩ የሚታወቀው በማማሰያ ነው። የድስቱ ወለል ላይ መስመር ሲሰመር መስመሩ ወዲያው በመረቅ ከተሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተዘጋ ደርሷል። ቁሌቱ በሚገባ ከተሠራ ብዙውን ጊዜ ይኼው ይበቃል። ካልበቃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ነጭ የጤፍ ዱቄት በሩብ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና እየተማሰለ ይፈስሳል። ጤፍ ጥሬ ጥሬ እንዳይል አሥር ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ቡላ ያለው ቡላ ቢያደርግ ልስላሴው ያምራል። የበቆሎ ስታርች የሚመርጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ይጨምር፤ ብዙ ከተፈላ መልሶ ይቀጥናልና። ሽሮም ያወፍራል፤ ነገር ግን ፓዩ ሽሮ ሽሮ ይላል። ለጾም ቀን በሥጋው ፋንታ ድፍን ምስርና እንጉዳይ፣ በቅቤው ፋንታ ዘይት ይሆናል፤ ቁሌቱ ያው ነው።

ወጡ ድንች ከመልበሱ በፊት መብረድ አለበት። ትኩሱ ላይ የተጫነ ድንች ይሰጥማል፤ በሊጥ ለሚሸፍንም ቢሆን ትኩስ ወጥ የሊጡን ቅቤ አቅልጦ ሥሩን ያላቁጠዋል። በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ቢበርድ ይፈጥናል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ አይደር። ከዚያ ሁለት ፓውንድ ድንች ተቀቅሎ፣ በቅቤና በጥቂት ወተት ተፈጭቶ ከላይ ይለሰናል። በሹካ ይጫርና 400 ፋራናይት በሞቀ ምድጃ፣ ዳር ዳሩ እስኪንተከተክና ጫፉ እስኪቀላ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል።

ወጡ ሲያልቅ ያልተጠበቀ ጣጣ መጣ። እናቲቱ በርበሬውን ከየትኛው ፌስታል እንደጨመሩ ስትጠይቅ፣ አያቲቱ ከሻንጣው የወጣውን አሳዩ። በርበሬው ንጹሕ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ አስፈጭተውታል። የተፈጨው ግን የሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ጠዋት ስንዴ፣ ከሰዓት ገብስ ይወርዳል። ሽሮውም እንዲሁ። ሲሊያክ ላለበት ሰው ጥቂት ብናኝም ይበቃል፤ በአሜሪካ በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በሚሊዮን ከ20 ክፍል ያነሰ ግሉተን ብቻ ነው ሊገኝበት የሚችለው። አያቲቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ድስቱን አንሥተው «ይኼን እኛ እንበላዋለን፤ ለሷ ሌላ እንሥራ» አሉና ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። ሁለተኛው ወጥ ያለ በርበሬ፣ በእርድና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ተሠራ። ከሻንጣው የመጣው ሁሉ በሌላ መደርደሪያ፣ ቀይ ክር ታስሮበት ተቀመጠ።

ሌሎችም የሚደበቅባቸው ቦታዎች አሉ። የሾርባ ኩብ አንዳንዱ ስንዴ አለው። ከ2006 ወዲህ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሥር ያሉ የታሸጉ ምግቦች ስንዴ ካለባቸው በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ገብስ ግን በዚያ ግዴታ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ሞልት» የሚል ቃል ከታየ ብቅል መሆኑን ማወቅ ነው። ዳቦ የተቦካበት የእንጨት ገበታ፣ ስንዴ የተነፋበት ወንፊት፣ ቅልቅል እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ለዚች ልጅ አይሆንም። ማማሰያ ርካሽ ነው፤ አዲስ መግዛት ይሻላል።

በራቱ ምሽት ፓዩ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ በጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ። የልጅቱ ድርሻ ከሁሉ በፊት ተቆርጦ በሳህኗ ወጣ፤ ከዳቦ ሳህን የመጣ ማንኪያ አንዴ ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። አያቲቱ እንግሊዝኛ ባይሆንላቸውም ከፓዩ ጎን ቆመው ማውጫውን ማንኪያ ለማንም አልሰጡም፤ ለመጣው ሁሉ ራሳቸው ቆርሰው አወጡ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሁለተኛ ጊዜ ሳህናቸውን ዘርግተው ሲመጡ፣ ልጅቱ ከኋላቸው ተሰልፋ ነበር።

የተረፈ ወጥ ካለ፣ ድንቹን ሳይለብስ፣ በትንንሽ ዕቃ ተደርጎ በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ዕቃው ላይ የልጅቱ ስም ይጻፍበት።