አልጋ ቢበዛ ክፍል አይሰፋም

ልደታ የመንገደኛ ሰፈር መሆኑ የዛሬ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አውሮፕላኑ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። የአየር ማረፊያው ሥራ በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስም በአየር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ በመጀመሪያ የሚረግጠው የልደታን መሬት ነበር። ዛሬ እንግዳው በቦሌ ይወርዳል፤ ሆኖም ሻንጣውን አስጭኖ ወደ ልደታ የሚመለስ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ያረጁት ቤቶች ተነሥተው በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ፣ ስቱዲዮ የሚባለውን ባለ አንድ ክፍል ቤት ዕቃ አሟልተው ለዕረፍት እንግዳ የሚያከራዩ ባለቤቶች ይገኛሉና።

ሰፈሩ ለዚህ ሥራ የተመቸ መሆኑን ማንም አይክደውም። ሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስ ነው፤ መርካቶም ሩቅ አይደለም፤ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር በደጁ ያልፋል። እንግዳውም የታወቀ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ ለወንድም ሠርግ ወይም ለወላጅ ተዝካር የሚመጣው የአገር ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለገና በዓል በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንዲመጡ መንግሥት ጥሪ ባደረገ ጊዜ፣ ይህ እንግዳ ለከተማው ንግድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሰፊው ተነግሮ ነበር። እንግዳው የሚከፍለው የአልጋ ኪራይ ብቻ አይደለም። ቡናውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውንና የአገር ልብሱን የሚሸምተው በዚያው በሰፈሩና በመርካቶ ነው። ስለዚህ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያድረው ሰው ጉዳይ የባለቤቷ ብቻ ሳይሆን የነጋዴው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ክፍሏ ጠባብ መሆኗ አይደለም፤ ጠባብነቷ የታወቀ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ስቱዲዮ ከ20 ካሬ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ኋላ የተሠሩትም ቢሆኑ ጥቂት ሰፋ ከማለት በቀር ያው አንድ ክፍል ናቸው። ችግሩ ባለቤቱ ክፍሏን የሚለካው በአልጋ ቁጥር መሆኑ ነው። አንድ አልጋ ከጨመረ አንድ እንግዳ፣ አንድ እንግዳ ከጨመረም የዚያኑ ያህል ብር የሚጨምር ይመስለዋል።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ቢሠራ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከ20 ካሬ ሜትር ላይ ለመታጠቢያውና ለማብሰያው 6 ካሬ ሜትር ቢነሣ የሚቀረው 14 ነው። በዚህ ላይ ወርዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ90 የሆኑ ሦስት አልጋዎች ቢዘረጉ 5.13 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። ለእያንዳንዱ አልጋ 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ሲተውለት ደግሞ 3.42 ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ 8.55 ይሆናሉ። የተረፈው 5 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ለበሩ መከፈቻ፣ ለልብስ ሣጥኑና ሦስቱ ሰዎች ሁለት ሁለት አድርገው ለሚያመጧቸው ስድስት ሻንጣዎች ነው። ወንበር የሚያኖሩበት፣ ገበታ የሚያቀርቡበት፣ ረከቦት የሚዘረጉበት ስፍራ አልተገኘም።

ይህ ጉድለት በሌላ አገር እንግዳ ዘንድ ምናልባት በቀላሉ ይታለፍ ይሆናል። ከውጭ ለመጣ ኢትዮጵያዊ ግን ክፍሏ መኝታ ብቻ አይደለችም፤ የዘመድ መቀበያም ናት። አክስት ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ የልጅነት ጓደኛ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሊያስተዛዝን ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ሰው በተኛበት አንሶላ ላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ለአስተናጋጁም ለተስተናጋጁም ያሳፍራል። እንግዳው ለባለቤቱ ምንም ሳይናገር ሒሳቡን ይከፍላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ሦስተኛውን አልጋ የጨመረ ባለቤት ተመላሽ ደንበኛውን አጣ።

ባለቤቶቹ በበኩላቸው የሚያቀርቡት መልስ አለ። እንግዳው ከነልጆቹ ይመጣል፤ የምትተኛበት የለም ቢባል ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል ይላሉ። ቃላቸው እውነት አለበት፤ ስለዚህ መፍትሔው የሚተኙትን ሰዎች መቀነስ ሊሆን አይችልም። መፍትሔው ሌሊት የሚያስተኛው ዕቃ ቀን የሚያስቀምጥ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህም ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በአባቶች ቤት መደብ ቀን የእንግዳ መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነበር፤ መጋረጃም ያለ ግድግዳ ጓዳን ከአዳራሽ ይለይ ነበር። በአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶችም ቆጥ ተሠርቶ ልጆች ከላይ ይተኙ ነበር። ቆጥ ከሥሩ ሰው የሚቆምበት 2 ሜትር፣ ከላዩም የሚቀመጥበት 1 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚፈልግ ለኮንዶሚኒየም ጣሪያ አይሆንም። መደቡና መጋረጃው ግን ዛሬም ይሠራሉ።

በውጭ አገርም ይኸው ፈተና ታይቷል። በፈረንሣይ ተራሮች ላይ ሌዛርክ በተባለው የበረዶ መዝናኛ ስፍራ፣ ሻርሎት ፔሪያን የተባለችው ንድፍ ሠሪ ከ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምራ እጅግ ጠባብ የሆኑ የዕረፍት ክፍሎችን አሰናድታለች። ማብሰያውን ከመቀመጫው ሳትለይ፣ መታጠቢያውንም በፋብሪካ ተሠርቶ እንዲገጠም በማድረግ ወለሉን ለሰው አተረፈች። ከዚያም ቀደም ብሎ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ዊልያም መርፊ ቀን ወደ ግድግዳ የሚታጠፈውን አልጋ በአሜሪካ አስፋፍቶ ነበር። ሁለቱም ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ጠባብ ክፍል የሚሰፋው ዕቃው ሁለት ሥራ ሲሠራ ነው።

ለልደታው ስቱዲዮ የሚስማማው አሰናዳድ እንግዲህ ከባድ አይደለም። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ አንድ ቋሚ አልጋ ይበቃል፤ ከሥሩ ሻንጣ እንዲገባም ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በፊት ለፊቱ ማታ ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ተዘርጊ ሶፋ ይቀመጥ። በመካከላቸው ወፈር ያለ መጋረጃ ይሰቀል፤ ገበታውም ከግድግዳ የሚታጠፍ ይሁን። አልጋው 2.85፣ የተዘጋው ሶፋ 1.71፣ የአልጋው መተላለፊያም 1.14 ካሬ ሜትር ቢይዙ ድምሩ 5.70 ነው። ከሦስቱ አልጋዎች ጋር ሲነጻጸር ቀን ቀን 3 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ይተርፋል፤ ሌሊት ግን ሁለት ወላጆችና ሁለት ልጆች ያድሩበታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የእነዚህ ሕንፃዎች ግድግዳ ክፍት ብሎኬት ስለሆነ፣ ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ከባድ አልጋ በብሎኬቱ ላይ ብቻ ቢታሰር ሊወድቅ ይችላል። ከኮንክሪቱ ዓምድ ወይም ወለል ላይ ከቆመ የራሱ የብረት ክፈፍ ጋር መያያዝ አለበት። ክፍል ለማስፋት ብሎ ዓምድ መንካት ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ንብረትን ከግል ለይቷል፤ ማናቸውም ባለቤት እጁን ከማንሣቱ በፊት የሕንፃውን ማኅበርና መሐንዲስን ማማከር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ የነጋዴው ድርሻ ትንሽ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሙሉ ሶፋ ከውጭ ማስመጣት እጅግ ውድ ሆኗል፤ የሶፋው አብዛኛው መጠንም እንጨትና ስፖንጅ፣ የቀረውም አየር ነው። አስመጪው ጠንካራውን ማጠፊያና ማንሻ ብቻ አምጥቶ ክፈፉን፣ ስፖንጁንና ልብሱን ለአገር ውስጥ አናጺና ብረት ሠራተኛ ቢተው፣ በአንድ ኮንቴነር ብዙ እጥፍ ሥራ ይገባል። ባለሱቁም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ተዘግቶም ተዘርግቶም የሚይዘውን ስፋት ጽፎ ቢለጥፍ፣ ተፈታትቶ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ መውጣት መቻሉንም ቢያሳይ፣ የተመለሰ ዕቃና የተጣላ ደንበኛ ይቀንስለታል። ላኪውም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን መጋረጃና ጋቢ በክፍሏ ውስጥ ሁለት ሳምንት የተጠቀመበት እንግዳ፣ ወደሚኖርበት አገር ሲመለስ ከሁሉ የተሻለ አስተዋዋቂ ነው።

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ልደታ ማርያም ስትነግሥ ሰፈሩ በእንግዳ ይሞላል። በዚያ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አክስቱን በተዘረጋ አልጋ ጫፍ ሳይሆን በንጹሕ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ቡና ሊያጠጣት የሚችልበት ክፍል ያለው ባለቤት፣ የሚቀጥለውን ዓመት ኪራይ ዛሬውኑ እንደተዋዋለ ይቆጠራል። አልጋ የሚቆጥር ባለቤት የአንድ ሌሊት ገቢ ያገኛል፤ እንግዳውን የሚያስብ ግን ደንበኛ ያፈራል።